መብረቅ የያዘው ብላቴና በበከኒሳ ቀሴ

አሜሪካኖች ለሥዕላዊ መጽሐፍ ጀግኖቻቸው ከሰው ተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ማደል ከጀመሩ ዘመኑ ርቋል፤ ሱፐርማን የተባለው በራሪ ጎልማሳ እ.ኤ.አ. በ1938 በአንዲት የዐሥር ሳንቲም መጽሔት ሽፋን ላይ አውቶሞቢል ወደ ላይ አንሥቶ ከታየ በኋላ ግን ይህ ሀብት በጎልማሶች እጅ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቢሊ ባትሰን የሚባል ወላጅ የሌለው ልጅ ተነሣና፣ አንዲት ቃል በጮኸ ቁጥር መብረቅ ከሰማይ እየወረደ ኃያል ጎልማሳ ያደርገው ጀመር። የዚያች ቃል የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደው ከጠቢቡ ከሰሎሞን ስም መሆኑን የሰማ፣ ክብረ ነገሥት በሚነበብበት አገር ያደገ ሰው፣ «ታዲያ ከዚህ መብረቅ የእኛ ድርሻ የት ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈርድበት አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ ገና ጢም ሳያወጡ እሳትና ብርሃን የታደሉ ብላቴኖች ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈጠረው ጆኒ ስቶርም መላ አካሉ ነበልባል ሆኖ ይበራል፤ በ1989 የመጣችው ጁቢሊ ከጣቶቿ ርችት ትረጫለች፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው በ1993 በድዋይን ማክዳፊና በባልንጀሮቹ ብዕር የተወለደውን፣ በጀግንነት ስሙ ስታቲክ፣ በቤት ስሙ ግን ቨርጂል ሆኪንስ የሚባለውን ጥቁር ወሬዛ ነው። ስሙም ከሜዳ የተለቀመ አይደለም፤ በ1949 ጥቁር በመሆኑ ብቻ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዳይማር በተከለከለ በአንድ እውነተኛ ሰው ስም የተሰየመ ነውና፣ ልጁ መብረቅ ሲወረውር ባየሁ ቁጥር የስሙን ባለቤት ቂም የሚወጣለት ይመስለኛል። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ቀልድ ያበዛል፤ ጉልበተኞች ያስቸግሩታል፤ አንድ ሌሊት ወሮበሎች ሲደባደቡ ፖሊስ የረጨው፣ የማይታወቅ ቅመም የገባበት ጋዝ ካገኘው በኋላ ግን ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ያድራል፤ በመዳፉ ብልጭታ ይወረውራል፤ ብረት ይስባል፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ከእግሩ ሥር ባደረጋት አንዲት ክብ ብረት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከሕንፃ ሕንፃ ይበራል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 ድረስ በካርቱን ፊልም ስለተሠራለት፣ መጽሐፉን ከነሽፋኑ ያላዩ ልጆች እንኳ በመልኩ ያውቁታል።

የእህቴ ልጅ ከነዚህ አንዱ ነው። የምንኖረው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሲሆን፣ ልጁ ፊልሙን የሚያየው በእናቱ ስልክ ነው፤ ስልኩም፣ ምን ዓይነት መናፍስት እንደሚያዙት እንጃ፣ የሚሞተው ምንጊዜም ጀግናው ከጠላቱ ጋር ሊገጥም እጁን በዘረጋበት ሰዓት ነው። መብራት ከሌለ ደግሞ የሞተው ስልክ ትንሣኤ ስለሌለው፣ የታሪኩን ፍጻሜ እኔ ከአእምሮዬ አመንጭቼ እንድጨርስለት እገደዳለሁ። እንዲህ ባለ አንድ የሐምሌ ምሽት፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ «ኤሱማ» አለኝ፤ በወለጋ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው። «ኤሱማ፣ ስታቲክ እኛ ሰፈር ቢወለድ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰፈሬን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁና፣ ጠላቶቹን ድል ስለ ማድረጉ ሳይሆን፣ ከጠላቶቹ ፊት ለመቅረብ ጊዜ ስለ ማግኘቱ ነበር የተጠራጠርሁት።

በመጀመሪያ ነገር፣ ምሥጢሩ አይጠበቅም። በአሜሪካን ተረት ኃይል የተሰጠው ወጣት ዋና ጭንቀቱ ማንነቱን መሰወር ነው፤ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈን ያደርግና፣ አብሮት የሚማረው ልጅ፣ አብሮት የሚበላው አባት፣ በአንድ ጣራ ሥር የምታድር እህት ሳይቀሩ «ይህ ማን ይሆን?» እያሉ ይደነቃሉ። በከኒሳ ቀሴ ግን ሰው በፊቱ ብቻ አይታወቅም። ልጁ ፊቱን እንደ ባሕታዊ ተከናንቦ በጣራ ላይ ሽው ሲል ያየችው ባልቴት፣ ስንዴዋን ከምታሰጣበት ሰሌን ቀና ሳትል፣ «ይኼ የዚያ የአናጢው የልጅ ልጅ አይደለም? ትከሻውን ሲሰብቅ ቁርጥ አያቱን!» ትላለች። አያቱ አልበረረም፤ ግን ትከሻውን ይሰብቅ ነበር። ቡናው ተፈልቶ አቦል ላይ ነገሩ ይነሣል፤ ቶና ላይ ልጁ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በማን ጣራ ላይ እንዳለፈ ይጣራል፤ በረካ ላይ ደግሞ የእናቱ የእርግዝና ወራት ተመርምሮ «ያኔም እኮ መብረቅ ዋርካው ላይ ወርዶ ነበር» የሚል ምስክር ይገኛል። ከጎሕ በፊት ወሬው በአዲስ አበባው አውቶቡስ ተሳፍሮ ጉቴን፣ ባኮንና አምቦን ተሰናብቶ፣ 330 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ መርካቶ ሲወርድ፣ ባለ መብረቁ ብላቴና ራሱ ገና ሁለተኛውን ጣራ አልተሻገረም።

ምሥጢሩ ከወጣ ዘንድ የሚቀጥለው የእናት ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከምጣድ ጋር ነውና።

መብራት የሚሄድበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው የለም ይባላል፤ ሐሰት ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ነው። እህቴ ሊጡን አብሲት ጥላበት፣ ኩፍ ብሎ ሲደርስላት፣ ካርድ ቆጣሪው ላይ ስንት ብር እንደ ቀረ አይታ፣ ምጣዱን ትሰካለች፤ ቀዩዋ መብራት ትበራለች፤ ምጣዱ ሲግል በማሰሻው ታስሰዋለች፤ ሊጡን ከዳር ጀምራ እየዞረች ታፈሰዋለች፤ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ማውጣት ስትጀምር አክንባሎውን ትደፋለች፤ በዚያች ቅጽበት ቀዩዋ መብራት ድርግም ትላለች። አክንባሎው ሲነሣ፣ ከሥሩ ያለው ነገር በአንድ ወገኑ እንጀራ፣ በሌላው ወገኑ ገና ሊጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ስም ያልወጣለት አንድ አውራጃ አለ። ይህን ጊዜ ከእህቴ አፍ የሚወጣውን ቃል በወግ መጽሐፍ ላይ መጻፍ አይገባም። ወዲያው በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አዴ፣ እናንተ ጋ አለ?» ትላለች፤ እነዚያ በሌላኛው ፌዝ ላይ ስለሆኑ «አለ» ካሉ፣ ዲቫይደር በዲቫይደር ተቀጣጥሎ ሽቦው በጎመኑ መደብ ላይ እንደ እባብ እየተሳበ ይሻገራል። «ምጣድ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ፊውዙን ያቃጥልብናል» ይሏታል፤ ልክ ናቸው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል የሚስብ ሆዳም ነውና።

እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ በመዳፉ መብረቅ የያዘ ልጅ ተቀምጧል እንበል። የክፋት ኃይላት ከተማዋን ሊያጠፉ ተነሥተዋል፤ ሰማዩ ቀልቷል፤ ልጁ ክብ ብረቱን አንሥቶ ሊወጣ ደጃፍ ደርሷል። «የት ነው?» ትለዋለች እናቱ። «ከተማዋን ላድን።» «መጀመሪያ ይቺን ሊጥ አድንልኝ፤ ከተማዋ አታቦካም።» የምጣዱን ሶኬት በግራ እጁ ታስጨብጠዋለች። እዚህ ላይ ነው የጀግናው እውነተኛ መከራ የሚጀምረው፤ የእርሱ ጥበብ ብልጭታ ነው፤ ግዙፍ ጠላት በአንድ ቅጽበት ይጥላል፤ ምጣድ ግን ብልጭታ አያውቅም፤ የሚፈልገው ያላቋረጠ፣ ያልበዛ፣ ያላነሰ ሙቀት ነው፤ ይህም ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተፈጥሮ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ነገር ነው። ሐሳቡ ወደ ውጭ ሄድ ሲል እንጀራው ይቀዘቅዝና ከምጣዱ ጋር ይጣበቃል፤ በንዴት ጥርሱን ሲነክስ ደግሞ ያርራል። «እጅህን አታወዛውዝ!» ትለዋለች። የሚበርባት ክብ ብረትም ምን እንደ ሆነች የሚገለጠው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ከሳምንት በፊት ከወጥ ቤት የጠፋው የቆርቆሮ አክንባሎ ናት፤ በአንድ ወገኗ የጠላት ጥይት ቦርቡሯታል፤ ስለ ጥይቱ የሚጠይቅ የለም፤ እንፋሎት የምታስወጣ መሆኗ ግን ሌላ የግማሽ ሰዓት ተግሣጽ ያስከትላል።

የወለጋ ሰው በኃይል ድኻ ነው እንዳይባል፣ ከእኛ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሆሮ ጉዱሩ፣ የፊንጫ ወንዝ ተገድቦ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተወረወረ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ አራተኛው ተርባይን ከተጨመረለት ወዲህ አቅሙ 134 ሜጋ ዋት ደርሷል። አንድ ማታ መብራት በሌለበት በጧፍ ብርሃን ሒሳቡን ሠርቼ፣ ይህ ኃይል ሌላ ሥራ ሁሉ ቢተውለት ከ38 ሺሕ በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደሚያግል ደርሼበታለሁ። ለእህቴ ብነግራት፣ «እኔ የጠየቅሁት አንድ ነው» አለች።

ወደ ባለ መብረቁ ልጅ ስንመለስ፣ አንዱን ምጣድ እንደ ጨረሰ ይለቀቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ጎረቤት ኖሮት አያውቅም። የመጀመሪያዋ ባልቴት ሊጧን በቡሃቃ አቅፋ ስትመጣ፣ «ለአንዲት ብቻ፣ የእኔ ጌታ፣ ለእንግዳ ነው» ትላለች፤ የሁለተኛዋ ሊጥ ሊሖመጥጥ ነው፤ ሦስተኛዋ ምጣድ የላትም፤ ስልክ ነው ያላት፤ ከስልኳም ጋር የልጇን፣ የልጇን ጓደኛ፣ በባጃጅ የመጣውንም ሰው ስልክ በፌስታል አንጠልጥላለች። ልጁ በግራ እጁ ምጣድ፣ በቀኝ እጁ ዐሥራ አንድ ስልክ ይዞ፣ ጭንብሉ አገጩ ላይ ወርዶ፣ በጢስ ዓይኑ እየተቃጠለ ሲቀመጥ፣ ከተማዋን ሊያጠፋ የመጣው ክፉ ሳይንቲስት ደግሞ ደጅ ቆሞ መጠበቁ አሰልችቶት «እኔስ? ስልኬን ብትሞሉልኝ?» ሳይል አይቀርም።

ይህ ቀልድ ብቻ እንዳይመስል፣ የእኛው አገር ደራስያን ነገሩን ጠንቅቀው እንደሚያውቁት ማስታወስ እወዳለሁ። ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ባለ ልዩ ኃይል ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያሳትም፣ ዋናውን ሰው አማኑኤል ጥላሁንን ከሌላ ፕላኔት አላመጣውም፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ነው ያገኘው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከሳቄ በኋላ አንገቴን ነቅንቄያለሁ፤ ሕዋውን አቋርጦ የመጣ ጀግና ለማመን ትንሽ ድካም ያስፈልግ ይሆናል፤ ማስረጃውን በፕላስቲክ ፋይል ይዞ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ምሩቅ ግን ያለ ምንም ማብራሪያ ይታመናል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት የፈጠረችው ብሩክታዊት ጥጋቡም፣ ጥበብ፣ ፍቅርና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶችን ልዩ ኃይል ሰጥታ ያዘመተቻቸው በከተማ ሕንፃ በሚያፈርስ ጭራቅ ላይ አይደለም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በመሳሰሉ ልማዶች ላይ ነው። ሦስት ሆነው መዝመታቸውን አጥብቄ እደግፈዋለሁ፤ አንዷ ብትሆን ኖሮ ውኃ ቅጂ ተብላ ትላክ ነበር።

ስለ ውኃ ካነሣን ዘንድ፣ የጠበሉን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አሜሪካን አገር ልጅ ብልጭ ቢል ወደ ቤተ ሙከራ ይወሰድ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ግን ከቤተ ሙከራው በፊት ሌሎች ደጆች አሉ። ሰፈራችን የተዋሕዶውም የመካነ ኢየሱሱም ምእመን በአንድ የዕድር ድንኳን ሥር የሚቀመጥበት ስለሆነ፣ ልጁም በእናቱ ወገን አንዱ፣ በአባቱ ወገን ሌላው ሊሆን ስለሚችል፣ የእናቱ እናት «ጠበል ይግባ» ሲሉ የአባቱ እናት «እጅ ይጫንበት» ይላሉ፤ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው «ሁለቱም ይደረግ፤ ምን ይጎዳል?» ብለው ያስታርቃሉ። እጅ የጫነው ወንጌላዊ ትንሽ ደንገጥ ብሎ እጁን ያነሣል፤ ፀጉሩም ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነገር ግን በሃይማኖት ጸንቶ ጸሎቱን ይፈጽማል። ጠበሉ ግን ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ እንደ ተጻፈው የስታቲክ ድካሙ ውኃ ነው፤ ውኃ የነካው እንደሆነ ብልጭታው ይበተንና ኃይሉ ይከዳዋል። ስለዚህ ልጁ በማለዳ፣ በብርድ፣ ከራሱ ላይ በጣሳ ሲፈስስበት በእውነትም ተንቀጥቅጦ፣ ጮኾ፣ ጨርሶ ይጠፋል፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ «ለቀቀው!» ብሎ እልል ይላል፤ እናቱም በደስታ አልቅሳ ወደ ቤቷ ከመለሰችው በኋላ ልብሱ ሲደርቅ ሶኬቱን መልሳ ታስጨብጠዋለች።

የነቀምቴን ሰማይም እናስብ። ዓመታዊ ዝናባችን 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ፣ ሰማዩ በእኛ ላይ ያለውን ሁሉ ያራግፋል። ውኃ የሚጥለው ጀግና በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራው በጋውን ብቻ ይሆናል፤ ክረምቱን እንደ ተማሪ ዕረፍት ይወጣል ማለት ነው፤ ክፉዎችም ይህን ካወቁ ሥራቸውን በሐምሌ ያደርጉታል፤ በሐምሌ ደግሞ የእነርሱም መኪና ከጭቃው ስለማይወጣ፣ ፍትሕና ዓመፅ ሁለቱም መስቀልን ይጠብቃሉ።

በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች እሳትና ብላቴና አብረው ሲጠሩ ልባችን የሚሄደው ወደ ሠለስቱ ደቂቅ ነው፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለጣዖት አንሰግድም ብለው በናቡከደነፆር ትእዛዝ ወደ እቶነ እሳት ሲጣሉ፣ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ነበልባሉን አብርዶላቸው የራሳቸው ጠጉር እንኳ ሳይነካ ወጥተዋል፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ይታሰባል። ከነዚህ ቅዱሳን ጋር የካርቱን ልጅ ማወዳደር የማይገባ ድፍረት ነውና አላወዳድርም። ይህን ያህል ብቻ ልበል፤ እነርሱ ከእቶኑ ሲወጡ በደጅ የቆመው ሕዝብ በአድናቆት ተመለከታቸው እንጂ፣ «ፍሙ ሳይበርድ እስቲ ይቺን ጀበና ጣል አድርጉልኝ» ያላቸው አልነበረም። ባቢሎን ቡና አልነበራትም።

ሌላው ችግር መሸሸጊያ ነው። በፊልሙ ውስጥ ስታቲክና ባልንጀራው ሪቺ የሚመክሩት፣ ዕቃቸውንም የሚደብቁት በአንድ የተተወ የነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው፤ ማንም ሰው ወደዚያ ስለማይደርስ ምሥጢራቸው ይጠበቃል። ይህን ክፍል ሳይ ጎን ለጎን የተቀመጠው የእህቴ ልጅ እንኳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። በእኛ ከተማ የተተወ ማደያ የሚባል ነገር የለም፤ ቤንዚን የሌለው ማደያ አለ፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉ ቦታ ይልቅ ሰው የሚበዛበት ነው፤ «ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ከተሰማ ባጃጆቹ ከቀትር ጀምረው ይሰለፋሉ፤ ከሰልፉ ጎን ሻይ ይፈላል፤ ከሻዩ ጎን ቆሎ ይሸጣል፤ ሲመሽ ረዳቶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ሄዶ ከድንጋዩ ግንብ ውስጥ ይሸሸግ እንዳይባል እዚያ ጎብኚና አስጎብኚ አለ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይግባ ቢባል መታወቂያ ይጠየቃል። በመጨረሻ ልጁ የሚደበቅበት ቦታ የሚያገኘው የገዛ ራሱ ቤት ጓዳ ብቻ ነው፤ ከዚያም በቀን ስድስት ጊዜ «እስቲ ያን በርበሬ አቀብለኝ» ተብሎ ይጠራል።

ስለ ጠላቶቹ ብዙ የምለው የለም። ዛፍ አንገዳግዶ ምሰሶ ላይ ከሚጥል ነፋስ በስተቀር፣ ሰፈራችን እስከ ዛሬ ጭራቅ አላየም።

የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ የሚሆነው የዕድሩ ስብሰባ ነው። የሰው ሁሉ ምጣድ በአንድ ልጅ እጅ ላይ ሲወድቅ ጠብ መነሣቱ ስለማይቀር፣ ዳኛው ጥሩንባ አስነፍተው ሕዝቡን እሑድ ከቅዳሴና ከጉባኤ በኋላ ይሰበስባሉ። ልጁም በመካከል ይቆማል፤ ማንም ስለ ጭንብሉ አይጠይቀውም፤ ያወልቀው ዘንድ ግን በትሕትና ይነገረዋል፤ በሽማግሌ ፊት ተከናንቦ መቆም ነውር ነው። ተራው እንዲህ ይወሰናል፤ መጀመሪያ ለቅሶ ቤት፤ ቀጥሎ አራስ ያለችበት ቤት፤ ከዚያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ተማሪ ያለበት፤ ሙዚቃ ቤት ከሁሉ በኋላ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አውጥተው፣ ልጁ ዕድሜው ከዐሥራ ስምንት በታች ስለሆነ የሥራው ሰዓት ከትምህርቱ ጋር እንዳይጋጭ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልኝ ይላሉ፤ ይመዘገባል። አንድ ነጋዴ ደግሞ ልጁ የሚሰጠው አገልግሎት በካርድ ይሁን ወይስ በወር የሚለውን ያነሣል፤ «የዕድር ልጅ ለዕድር ያስከፍላል እንዴ?» የሚል ጉርምርምታ ይሰማል። ገንዘብ ያዡ ግን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ አምጥቶ ስብሰባውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ብላቴናው አባል ያልሆኑ የማዶ ሰፈር ሰዎችን ጨለማ ቢያበራ፣ የእኛ ድንኳን የአምፖል ወጪ ከየትኛው ሒሳብ ይያዛል? ሁለት ሰዓት ይከራከራሉ፤ ኦቦ እገሌ ተቆጥተው ይወጣሉ፤ ተለምነው ይገባሉ፤ በመጨረሻ ጉዳዩ ለመጪው ወር ይተላለፋል። ዓለምን ስለ ማዳን በአጀንዳው ላይ የተያዘ ነገር ስለሌለ አይነሣም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ፣ ሳላሳጥር ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሲያስብ ከቆየ በኋላ፣ «እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ይቅርብኝ» አለ፤ «እንደ ሸረሪት ሰው መሆን ነው የምፈልገው፤ እርሱም ተማሪ ነው፤ ድር ብቻ ነው የሚወረውረው፤ ድር ለምጣድ አይሆንም።»

እህቴ ከወጥ ቤት ሆና የሰማችን አልመሰለንም ነበር።

«የሸረሪት ድር ነው ያልከው?» አለች፤ «እንግዲያው ያን መጥረጊያ አንሣና ኮርኒሱ ላይ ካለው ጀምር።»